የብረት ለበስ መርከብ ጥሩር፤ ውፍረትና ንብርብር (ከ1855 እስከ 1943)

የጦር መርከብን የብረት ልብስ ታሪክ የጻፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ነገሩን በሳንቲ ሜትር ብቻ ይለኩታል። መድፉ ሲያድግ ብረቱ ወፈረ፤ ብረቱ ሲወፍር መድፉ እንደ ገና አደገ፤ በመጨረሻም አውሮፕላን መጥቶ ክርክሩን ዘጋው ይላሉ። ይህ አነጋገር ሐሰት ነው አንልም፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። በ1881 ለአገልግሎት የበቃው ኢንፍሌክሲብል የተባለው የእንግሊዝ መርከብ በጎኑ ላይ 61 ሳንቲ ሜትር ብረት ለብሶ ነበር። ከእርሱ በኋላ ይህን ያህል ውፍረት በጎኑ የለበሰ የጦር መርከብ አልተሠራም። በ1906 የወጣው ድሬድኖት የለበሰው 28 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት ከግማሽ ያነሰ ነበር። ጥንካሬ ማለት ውፍረት ከሆነ፣ ይበልጥ ኀይለኛ መድፍ በመጣበት ዘመን ብረቱ ስለ ምን ሳሳ?

በበኩላችን መልሱ ከውፍረቱ ይልቅ በንብርብሩ ውስጥ ይገኛል ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፣ በአንድ ጥሩር ውስጥ ያሉት ንብሮች እያንዳንዳቸው የተለየ ሥራ ሲኖራቸው ጥሩሩ እንደሚጸና፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሲሆን ግን ጥሩሩ ከክብደቱ ያነሰ አገልግሎት እንደሚሰጥ ነው። ጥሩር የምንለው የቀድሞ ጦረኛ በደረቱ ላይ ያጠልቀው የነበረውን የብረት ልብስ ስም ለመርከቡ ወስደን ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲል እናሳስባለን።

፩. የእንጨት መርከብ ዘመን ማብቂያ

የእንጨት መርከብ ድፍን አረርን ለረጅም ዘመን ችሎ ኖሯል። ክብ የብረት አረር የመርከቡን ጎን ቢበሳም ቀዳዳው ትንሽ ስለ ሆነ አናጢው በሶኬት መልክ በተጠረበ እንጨት ይደፍነው ነበር። ነገሩን የለወጠው የሚፈነዳው ጥይት ነው። ፔክሳን የተባለው ፈረንሳዊ መኰንን በ1820ዎቹ ዓመታት የሚፈነዳ ጥይት በቀጥታ የሚተኵስ የመርከብ መድፍ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ፤ መንግሥታትም ሐሳቡን ተቀበሉት። ውጤቱ በግልጽ የታየው ኅዳር 30 ቀን 1853 ነው። በዚያ ቀን በአድሚራል ናሂሞቭ የሚመራው የሩሲያ መርከብ ጦር በጥቍር ባሕር ዳር በሲኖፕ ወደብ መልሕቅ ጥሎ የነበረውን የቱርክ መርከብ ጦር በጥቂት ሰዓት ውስጥ አቃጠለው። ከቱርኮቹ አንድ የእንፋሎት መርከብ ብቻ አመለጠ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው በክራይሚያ ጦርነት ፈረንሳዮች መድኀኒቱን ሞከሩ። ዴቫስታሲዮን፣ ላቭና ቶናንት የተባሉ ሦስት ተንሳፋፊ የመድፍ ምሽጎች ሠርተው፣ የእንጨቱን ጎን 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው የተቀጠቀጠ ብረት አለበሱት። ጥቅምት 17 ቀን 1855 በኪንበርን ምሽግ ፊት ቆመው ሲዋጉ የሩሲያ አረሮች ብረቱን እየመቱ ጐድጓዳ ምልክት ብቻ ትተው ይመለሱ ነበር። ከሠራተኞቹ የሞቱት ጥቂቶች ናቸው፤ ጉዳቱ የደረሰውም በአብዛኛው በመድፍ አፍ መስኮት በኩል በገባ ጥይት ነው። ይህን ነገር አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን። ጥሩሩ ሲጸና ምቱ ክፍተት ይፈልጋል፤ ወደ ኋላም ደጋግመን የምንመለስበት ነጥብ ይህ ነው።

፪. ብረት፣ እንጨት፣ ብረት

ዱፑይ ደ ሎም የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ የሠራው ግሎዋር በኅዳር 1859 ቱሎን ላይ ወደ ባሕር ወረደ። ግሎዋር የእንጨት መርከብ ሲሆን 12 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ብረት ለብሶ ነበር። እንግሊዞች በታኅሣሥ 1860 በቴምዝ ወንዝ ያወረዱት ዎሪየር ግን ሰውነቱ ራሱ ብረት ነው። የዎሪየር ጥሩር አሠራር ለጥናታችን መነሻ ስለሚሆን ጥቂት ዘርዘር አድርገን እንመልከተው።

ከውጭ 11.4 ሳንቲ ሜትር የተቀጠቀጠ ብረት አለ። ከእርሱ ኋላ ቲክ የተባለው ጠንካራ የእስያ እንጨት አንዱ በአግድም፣ ሌላው በቁም ተነባብሮ 46 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይዞ ቆሟል። ከእንጨቱ በስተ ኋላ ደግሞ 1.6 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሆነው የመርከቡ የራሱ የብረት ቆዳ ይገኛል። ሦስቱም በረጃጅም ብሎን ተያይዘዋል።

ላይ ላዩን የሚያይ ሰው እንጨቱን የድሮ ልማድ ቅሪት አድርጎ ሊገምተው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የውጭው ብረት ሥራ አረሩን ማስቆምና መስበር ነው። አረሩ ቢቆምም የምቱ ኀይል አይጠፋም፤ ብረቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ብረቱ በቀጥታ በመርከቡ አጥንት ላይ ቢታሠር ኖሮ ያ ግፊት ብሎኑን ይበጥስ፣ የመርከቡንም ማያያዣ ያላላ ነበር። እንጨቱ እንደ ትራስ ሆኖ ግፊቱን ይቀበልና በሰፊ ቦታ ላይ ያከፋፍለዋል። ከኋላ ያለው ስስ ቆዳ ደግሞ የተሰነጠቀውን እንጨትና የተበጠሰውን ብሎን ወደ ሰዎቹ እንዳይዘልቅ ይይዛል። ሦስት ንብር፣ ሦስት ሥራ ማለት ይህ ነው።

ከጦረኛው ጋሻ ጋር ብናስተያየው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የጋሻው ቆዳ ጦሩን ይመክታል፤ የያዘው ክንድ ግን ከምቱ ጋር አብሮ ሸርተት ባይል ኖሮ ቆዳው ብቻውን ባልተቻለው ነበር። የዎሪየር ቲክ የጋሻው ክንድ ነው።

የዎሪየር አሠሪዎች አንድ ስሕተት ሠርተዋል። ሰሌዳዎቹ እንዳይላቀቁ በማለት የአንዱን ጠርዝ ከሌላው ጠርዝ ጋር በምላስና በጐድጓዳ አገጣጥመዋቸው ነበር። ነገር ግን አንዱ ሰሌዳ ሲመታ መናወጡ ወደ ጎረቤቱ ይተላለፋል፤ የተጎዳውንም ነቅሎ በሌላ መተካት አስቸጋሪ ይሆናል። ስለዚህ በኋላ በተሠሩት መርከቦች ይህ አገጣጠም ቀረ። ከዚህም ሌላ ከ116 ሜትር የመርከቡ ርዝመት ጥሩር የለበሰው መካከለኛው 65 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱ ጫፎች ባዶአቸውን ቀርተው ነበር። ክብደቱ ሁሉንም ለመሸፈን አይፈቅድም። እንግዲህ ከመጀመሪያው ጀምሮ መሐንዲሱ ምን ያህል ላልብስ ብሎ ብቻ ሳይሆን ማንን ላልብስ ብሎ መጠየቅ ግዴታው ነበር።

፫. የችኮላ ንብርብር በአሜሪካ

ንብርብር ሁሉ አንድ ዐይነት እንዳልሆነ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በግልጽ አሳይቷል። ደቡቦቹ ሜሪማክ የተባለውን የተቃጠለ መርከብ አንሥተው ቨርጂኒያ ብለው ሲያድሱት፣ በሪችመንድ የነበረው የትሬዲጋር የብረት ፋብሪካ ወፍራም ሰሌዳ ለመዳመጥ የሚችል አልነበረም። ብሩክ የተባለው የባሕር ኀይል መኰንን በዒላማ ላይ ሙከራ አድርጎ ባለ አንድ ኢንች ሰሌዳዎችን መደራረብ እንደማይበቃ ስላየ፣ ባለ ሁለት ኢንች ሰሌዳ በሁለት ንብር እንዲሠራ ተወሰነ። ከኋላው 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የባሉጥና የጥድ እንጨት ተደገፈ፤ ግድግዳውም አረሩ እንዲንሸራተት እንደ ቤት ጣራ ተዳፈነ።

ሰሜኖቹ በበኩላቸው ስዊድናዊው ተወላጅ ጆን ኤሪክሰን ያቀደውን ሞኒተርን በጥቂት ወራት ውስጥ ሠርተው በጥር 1862 አወረዱ። ሁለቱን መድፎች የያዘው ተሽከርካሪ ማማ የተሠራው ባለ አንድ ኢንች ሰሌዳ ስምንት ጊዜ ተደራርቦ ነው፤ ውፍረቱ በጠቅላላው 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የኤሪክሰን ምርጫ ከጊዜ ማጠር የመጣ ነው። ስስ ሰሌዳ በቶሎ ይገኛል፤ በቶሎም ይጐብጣል።

መጋቢት 8 ቀን 1862 ቨርጂኒያ በሃምፕተን ሮድስ ኩምበርላንድና ኮንግረስ የተባሉትን የእንጨት መርከቦች አጠፋች፤ ከ200 በላይ መርከበኞች አለቁ። በማግሥቱ ሞኒተር ደርሳ ለአራት ሰዓት ያህል ተዋጉ፤ አንዱም የሌላውን ጥሩር ሊበሳ አልቻለም። በዚህም ምክንያት ብዙዎች ድርብርቡ ብረት ፈተናውን አለፈ ብለው ጻፉ። እኛ ግን ይህን ፍርድ በጥንቃቄ መመልከት ይገባል እንላለን። የሞኒተር መድፎች ሊፈነዱ ይችላሉ ተብሎ ስለ ተፈራ የባሩዳቸው መጠን እንዲቀነስ ታዞ ነበር። በሞኒተር ላይ ከሁሉ የከፋው ጉዳት የደረሰውም በማማው ላይ ሳይሆን በመሪው ክፍል የማያ ስንጥቅ በኩል ነው፤ ጥይት በዚያ ፈንድቶ የመርከቡን አዛዥ ዐይን ለጊዜው አሳወረ። እንደ ኪንበርኑ ሁሉ ምቱ ክፍተት አገኘ።

እውነተኛው ፈተና የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 1863 የሰሜን ብረት ለበሶች የቻርልስተንን ምሽጎች ሲገጥሙ፣ ማማዎቹ ባይበሱም ንብሮቹን አንድ ላይ የያዙት የብሎን ራሶች በምቱ እየተበጠሱ እንደ ጥይት ወደ ውስጥ ይበሩ ነበር። ናሃንት በተባለው መርከብ ላይ መሪውን የያዘው መርከበኛ የሞተው በዚህ ዐይነት ነው፤ የገደለው የጠላት ጥይት ሳይሆን የገዛ መርከቡ ብሎን ነው። በዚያው ቀን የብረት ዘንግና እንጨት እያፈራረቀ የለበሰው ኪዮከክ 90 ጊዜ ያህል ተመትቶ በማግሥቱ ጧት ሰጠመ። ሰኔ 17 ቀን 1863 ደግሞ እንደ ቨርጂኒያ ሁለት ባለ ሁለት ኢንች ንብር የለበሰችው አትላንታ ዊሆክን ከተባለው መርከብ ጋር ገጠመች። ዊሆክን የተኰሰው አምስት ጊዜ ብቻ ነው። ባለ 15 ኢንች መድፉ ጥሩሩን ሰብሮ፣ ከኋላው ያለውን እንጨት ፈልጦ ሰዎቹን አቈሰለ፤ አትላንታም ሩብ ሰዓት ያህል ተዋግታ እጅዋን ሰጠች።

፬. ሁለት ሁለት አራት የማይሆንበት ሒሳብ

በአገራችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። በብረት ሰሌዳ ነገር ግን ተረቱ የሚሠራው ድሩ በእውነት ካበረ ብቻ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1861 ስለ ብረት የሚመረምር ልዩ ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር፤ ከአባሎቹም አንዱ መሐንዲሱ ዊልያም ፌርቤርን ነው። ከሙከራዎቹ የወጣው ግምታዊ ደንብ፣ ሰሌዳ መበሳትን የሚቋቋምበት ኀይል ከውፍረቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል የሚል ነው። ይህን ደንብ ይዘን የአትላንታን ጥሩር እናስላ። ባለ አራት ኢንች አንድ ወጥ ሰሌዳ ቢሆን አራት በአራት 16 ይሆናል። ሁለት ባለ ሁለት ኢንች ሲሆኑ ግን ለየብቻ አራት አራት፣ ተደምረው 8 ብቻ ናቸው። በዚህ ሒሳብ አትላንታ የተሸከመችው ክብደት የአራት ኢንች፣ ያገኘችው ጥበቃ ግን ከእርሱ እኵሌታው ነበር ማለት ነው። ደንቡ ግምታዊ ስለ ሆነ ቁጥሩን እንደ ወረደ መውሰድ አይገባም፤ አቅጣጫው ግን ትክክል ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ወጥ ሰሌዳ ሲመታ ፊቱ ሲጨመቅና ጀርባው ሲለጠጥ ሁለቱ ተሳስበው ይይዛሉ። ስምንት ስስ ሰሌዳዎች ሲደረደሩ ግን አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይጐብጣል፤ የመንሸራተቱንም ኀይል የሚቀበለው ብሎኑ ይሆናል። የናሃንት መርከበኛ የሞተበት ምክንያት እዚህ ላይ ይገኛል።

ኢንፍሌክሲብልን የምንመለከተው በዚህ መነጽር ነው። አቃጁ ናትናኤል ባርናቢ በመርከቡ መካከል 33 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ምሽግ ሠራ። በውሃው ልክ ላይ ከውጭ 30.5 ሳንቲ ሜትር ብረት፣ ቀጥሎ 28 ሳንቲ ሜትር ቲክ፣ እንደ ገና 30.5 ሳንቲ ሜትር ብረት፣ ከዚያም 15 ሳንቲ ሜትር ቲክ ነበር። ጠቅላላው ከአንድ ሜትር ያልፋል። ጥራቱ ከዳር እስከ ዳር የተስተካከለ የ61 ሳንቲ ሜትር ወጥ ሰሌዳ ማውጣት በዚያ ዘመን እጅግ አስቸጋሪ ስለ ነበረ ብረቱ ለሁለት ተከፈለ። እንጨቱ በመካከል መግባቱ ከአሜሪካኖቹ ይሻላል፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ ብረቶች አንድ ዐይነት፣ ሥራቸውም አንድ ዐይነት ነበር።

ይህን ሁሉ ብረት በመካከል ያከማቸ መርከብ ጫፎቹን ሊያለብስ አይችልም። ባርናቢ ጫፎቹን ቡሽና ከሰል በመላባቸው በብዙ ትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ፣ ከውሃ በታች በብረት ወለል ሸፈናቸው። ከእርሱ በፊት በዚያው ሹመት የነበረውና በዚያ ጊዜ የፓርላማ አባል የነበረው ኤድዋርድ ሪድ፣ ጫፎቹ በጥይት ከተበሳሱ መርከቡ ይገለበጣል ብሎ በአደባባይ ከሰሰ። በ1877 መርማሪ ኮሚቴ ተሰይሞ መርከቡ እንደማይገለበጥ ፈረደ። ኢንፍሌክሲብል ሐምሌ 11 ቀን 1882 እስክንድርያን ሲደበድብ እኩያ ጠላት ስላልገጠመው፣ የሪድና የባርናቢ ክርክር በጦር ሜዳ ሳይፈተን ቀረ።

፭. ጠንካራ ፊት፣ ቻይ ጀርባ

የለውጡ መነሻ የሆነው በ1876 በጣልያን አገር በስፔዚያ የተደረገው ሙከራ ነው። ጣልያኖች ዱይሊዮ ለተባለው መርከባቸው ሰሌዳ ለመምረጥ፣ መቶ ቶን የሚመዝነውን የአርምስትሮንግ መድፍ 55 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባላቸው ልዩ ልዩ ሰሌዳዎች ላይ ተኰሱ። የእንግሊዝና የፈረንሳይ ፋብሪካዎች ያቀረቡት የተቀጠቀጠ ብረት ተበሳ። የሽናይደር ፋብሪካ ያቀረበው ዐረብ ብረት ግን አረሩን አስቆመ፤ ራሱ ግን ብትንትን አለ። ጣልያኖች የሽናይደርን መረጡ።

እንግዲህ የሁለቱ ጠባይ ተለየ። የተቀጠቀጠው ብረት ለስላሳ ነው፤ ይበሳል እንጂ አይሰበርም። ዐረብ ብረቱ ጠንካራ ነው፤ አይበሳም፤ ይሰበራል። ማጭድ የሚሠራ የአገራችን ቀጥቃጭም ይህን ያውቀዋል። ስለቱን አግሎ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ይጠነክራል፤ ከመጠን ካለፈ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስለዚህ መልካም መሣሪያ ስለቱ ጠንካራ፣ ጀርባው ቻይ መሆን አለበት።

የሼፊልድ ሰዎች በ1877 ይህንኑ በሰሌዳ ላይ ለማድረግ ሞከሩ። የካሜል ፋብሪካው ዊልሰንና የጆን ብራውን ፋብሪካው ኤሊስ፣ የውፍረቱን ሲሶ የሚሆን ዐረብ ብረት ከተቀጠቀጠ ብረት ፊት ጋር በየበኩላቸው አጋጠሙት። ይህ የተጣመረ ጥሩር ከአሜሪካኖቹ ንብርብር በመሠረቱ ይለያል። ፊቱ አረሩን ይሰብራል፤ ጀርባው ፊቱን እንዳይበተን ይይዛል። ንብሮቹ ሥራ ተካፈሉ። ድክመቱ በመጋጠሚያው ላይ ነበር፤ በተደጋጋሚ ሲመታ ፊቱ ከጀርባው እየተላቀቀ እንደ ግድግዳ ልስን ይረግፍ ነበር። በመስከረም 1890 አሜሪካኖች በአናፖሊስ ሦስት ሰሌዳ ጎን ለጎን አቁመው ሲተኵሱ፣ የካሜል የተጣመረ ሰሌዳ ተበታተነ፤ የሽናይደር ዐረብ ብረት ተሰነጠቀ፤ ኒኬል የተጨመረበት የሽናይደር ሰሌዳ ግን ሳይሰነጠቅ ቆመ።

የሚቀጥለው እርምጃ መጋጠሚያውን ማጥፋት ነበር። ሃርቪ የተባለው አሜሪካዊ የአንዱን ሰሌዳ ፊት በከሰል ሸፍኖ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት በእቶን ውስጥ ያግለዋል። ካርቦኑ ከፊቱ ጀምሮ ጥቂት ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ በውሃ ሲቀዘቅዝም ፊቱ ብቻ ይጠነክራል። በ1893ና በ1894 ደግሞ በጀርመን አገር በኤሰን ያለው የክሩፕ ፋብሪካ ኒኬልና ክሮም የተቀላቀለበት ዐረብ ብረት ወስዶ፣ ካርቦኑን በጋዝ አስገብቶ፣ ጥንካሬው ከፊት ወደ ጀርባ እየቀነሰ እንዲሄድ አደረገ። በዚህ ሰሌዳ ውስጥ ንብር አለ፤ ስፌት ግን የለም። ፊት የት አልቆ ጀርባ የት እንደሚጀምር በጣት ማሳየት አይቻልም።

በዘመኑ በተለመደው ግምት 38 ሳንቲ ሜትር የተቀጠቀጠ ብረት የሚሰጠውን ጥበቃ፣ 30 ሳንቲ ሜትር የተጣመረ ጥሩር፣ 19 ሳንቲ ሜትር የሃርቪ፣ ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የክሩፕ ሰሌዳ ይሰጣል። በዚህ ሒሳብ የኢንፍሌክሲብል 61 ሳንቲ ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ያህል የክሩፕ ሰሌዳ አይበልጥም። በመግቢያችን ላይ ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። የተረፈው ክብደት ደግሞ ባርናቢ ባዶ የተዋቸውን ጫፎች ለማልበስ ዋለ።

፮. ምቱ መንገድ ሲለውጥ

ጠንካራው ፊት ብዙ አልቆየም። ሩሲያዊው አድሚራል ማካሮቭ በ1890ዎቹ መጀመሪያ በጥይቱ ጫፍ ላይ የለስላሳ ብረት ቆብ እንዲደፋ አደረገ። ቆቡ ጠንካራውን ፊት ቀድሞ ስለሚነካ የጥይቱ ጫፍ ሳይሰበር ይዘልቃል። ጥሩሩ የተማረውን ጥይቱም ተማረው፤ ጥይቱ ራሱ ሁለት ንብር ሆነ ማለት ይቻላል። ማካሮቭ ግን የሞተው በጥይት አይደለም። ሚያዝያ 13 ቀን 1904 ፔትሮፓቭሎቭስክ የተባለው ብረት ለበስ መርከቡ በፖርት አርተር አጠገብ የጃፓንን የባሕር ፈንጂ ነክቶ ሲሰጥም፣ ሠዓሊው ቬሬሽቻጊን ሳይቀር ከ600 በላይ ሰዎች አብረውት አለቁ። ጎኑ ላይ የነበረው ጥሩር አልተነካም፤ ምቱ የመጣው ከታች ነው።

ግንቦት 31 ቀን 1916 በጀትላንድ ጦርነት ኢንዲፋቲገብል፣ ክዊን ሜሪና ኢንቪንሲብል የተባሉት የእንግሊዝ መርከቦች ተራ በተራ ፈንድተው ከ3,300 የማያንሱ ሰዎች ጠፉ። ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚስማሙበት ዋናው ምክንያት እሳት ከመድፉ ማማ ወደ ባሩዱ ግምጃ ቤት መተላለፉ፣ ለተኵስ ፍጥነት ሲባልም ባሩዱ ያለ ጥንቃቄ መያዙ ነው። ጥሩሩ የተሻለ ቢሆን እንኳ ለደጅ መዝጊያ ግድ በማይባልበት መርከብ ውስጥ ሊረዳ የሚችለው ጥቂት ነበር። አሜሪካኖች በ1912 መሠረቱ በተጣለው ኔቫዳ ላይ የጀመሩት ደንብ ለዚህ ዐይነቱ አደጋ የቀረበ መልስ ነበር፤ ባሩዱን፣ ሞተሩንና የማዘዣውን ክፍል በወፍራሙ አልብሶ ቀሪውን ጨርሶ አለማልበስ ነው።

በመጨረሻ ንብርብር በዐዲስ መልክ ተመለሰ። ኡምበርቶ ፑልየዜ ያቀደው የጣልያን መርከብ ሊቶሪዮ መሠረቱ የተጣለው በጥቅምት 1934፣ ማለት ከወልወል ግጭት ጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። ጎኑ ላይ ከውጭ 7 ሳንቲ ሜትር ሰሌዳ፣ ቀጥሎ 25 ሳንቲ ሜትር ክፍተት፣ ከዚያም 28 ሳንቲ ሜትር ፊተ ጠንካራ ሰሌዳ፣ ከኋላው እንጨት፣ ከእንጨቱም ወዲያ ስብርባሪ የሚይዙ ስስ ግድግዳዎች ነበሩት። የውጭው ሰሌዳ ጥይቱን ለማስቆም አልታሰበም፤ ሥራው የማካሮቭን ቆብ ከጥይቱ ራስ ላይ ማውለቅ ነው። ቆቡን የተገፈፈው ጥይት ሁለተኛውን ሰሌዳ ባዶ ራሱን ያገኘዋል። ሞኒተር የማያውቀውን፣ ዎሪየር የጀመረውን የሥራ ክፍፍል ሊቶሪዮ ፍጹም አደረገው ለማለት ይቻላል።

ነገር ግን ሊቶሪዮ ለአገልግሎት በበቃበት በዚያው ዓመት፣ ኅዳር 11 ቀን 1940 ሌሊት በታራንቶ ወደብ ሳለ፣ ገላቸው ጨርቅ የለበሰ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በሦስት ቶርፔዶ ከውሃ በታች መቱት። መስከረም 9 ቀን 1943፣ የጣልያን መንግሥት የጦር ማቆሙን ስምምነት ባስታወቀ በማግሥቱ፣ የሊቶሪዮ እኅት መርከብ ሮማ በሳርዲንያ አጠገብ በሬድዮ በሚመራ የጀርመን ቦምብ ከላይ ተመታ። ሁለተኛው ቦምብ ከባሩዱ ግምጃ ቤት አጠገብ ፈነዳ። አድሚራል ቤርጋሚኒና ከ1,200 በላይ መርከበኞች ሞቱ። በዚያ ቀን በጎን ያለውን ድርብ ጥሩር የነካው የለም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ የጥሩር ታሪክ የውፍረት ታሪክ ብቻ ነው የሚለው አስተያየት ማስረጃውን አይችለውም። ከ1855 እስከ 1881 ውፍረቱ ከ11 ወደ 61 ሳንቲ ሜትር ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ጥበቃው እየጨመረ ሳለ ውፍረቱ ወረደ። ይህን ያደረገው በእቶኑና በመዳመጫው ዘንድ የተገኘ ዕውቀት ነው። ስለዚህ የባሕር ጦርነት ታሪክ ተማሪ ከአድሚራሎቹ ዘገባ ጎን ለጎን የፋብሪካዎቹን መዝገብ ማንበብ ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ንብርብር በራሱ መልካም ወይም መጥፎ አይደለም። በችኮላ የተከመረው የአትላንታ ብረት ንብርብር ነበር፤ ታስቦበት የተከፋፈለው የሊቶሪዮ ጎንም ንብርብር ነበር። ልዩነታቸው እያንዳንዱ ንብር ለምን እንደ ቆመ የሚጠይቅ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው። ዎሪየር በፖርትስመዝ ወደብ ለጎብኚ ክፍት ሆኖ ቆሟል፤ በታኅሣሥ 1862 ከመርከቡ ጋር የሰጠመው የሞኒተር ማማም በ2002 ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ወጥቶ በኒውፖርት ኒውስ ሙዚየም ተቀምጧል። ሁለቱን አስተያይቶ ለማጥናት የሚሻ ተመራማሪ ማስረጃው በዐይን የሚታይ ነው።

ሦስተኛ፣ ጥሩር በጸና ቁጥር ምቱ ወደ አልተጠበቀው ቦታ ይዞራል። በኪንበርን በመስኮት፣ በሃምፕተን ሮድስ በስንጥቅ፣ በፖርት አርተር ከታች፣ በሳርዲንያ ከላይ መጣ። መሐንዲሱ ይህን አስቀድሞ በሙሉ ሊያውቅ አይችልም፤ ከክብደቱም የተነሣ ሁሉን ማልበስ አይችልም። በዚህ ምክንያት ጥሩር ማቀድ ከሒሳብ በላይ የሆነ ፍርድ ይጠይቃል። ዎሪየርን ካቀዱት ሰዎች ጀምሮ እስከ ፑልየዜ ድረስ እያንዳንዱ አቃጅ በወረቀቱ ላይ መስመር ሲያሰምር፣ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ የሚቆሙትን መርከበኞች አብሮ ይለይ ነበር። የነዚያ መስመሮች ዋጋ በሳንቲ ሜትር ብቻ ሊለካ እንደማይችል በዚህ አጭር ጥናት አሳይተን ከሆነ የተነሣንበትን ፈጽመናል።